ሃያ ፊደል ያልበቃው ስም

ረዲያ በክሪ ታይፒስት ነበረች። ይህን መጀመሪያ የምናገረው ሌላ ሰው ቀድሞኝ እንዳይለው ነው፤ በእኛ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ማለት ስድብ ነበርና። ስብሰባ ላይ አንዱ የማይረባ ሐሳብ ሲያቀርብ «ይሄን እንኳ ታይፒስቷም ታውቀዋለች» ይባልና ይሳቃል። እሷ እዚያው ጥግ ላይ ተቀምጣ ቃለ ጉባኤ ትይዛለች። እኔም ከሚስቁት አንዱ ነበርኩ።

የገለምሶ ልጅ ናት። አባቷ በክሪ ከመስጊዱ ግርጌ በአንድ የእግር መኪና ሽርጥና ጀለቢያ የሚሰፋ ሰው ነበር። ረዲያ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አሰበ ተፈሪ መጥታ ጨረሰች፤ እሷ እንኳ እንደ አገሩ ሰው ጭሮ ነው የምትለው፣ አሰበ ተፈሪ የሚባለው በደብዳቤ ላይ ነው። በማትሪክ ጥሩ ነጥብ አምጥታ ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ሁለት ሳምንት ሲቀራት አባቷ ሞተ። ከሥሯ ሦስት እህቶች ነበሩና ቀረች፤ የጽሕፈት መኪና ተምራ እኛ ዘንድ ተቀጠረች። ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ታሪክ በየሻይ ቤቱ ሲያለቅስበት ይኖር ነበር። ረዲያ አብረን በሠራንበት ጊዜ ሁሉ ያወራችኝ አንድ ቀን ብቻ ነው፣ እሱንም እኔ ጠይቄያት።

እኔ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ነበርኩ። ከደጀን በዝውውር ወደ ሐረርጌ ከመጣሁ ስምንት ዓመት ሆኖኛል። ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ የኦሮምኛ ዓረፍተ ነገር በወጉ መጨረስ አልቻልኩም፤ ይባስ ብሎም ይህን እንደ ክብር እቆጥረው ነበር። ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ ከዚሁ ይታወቅ።

መሥሪያ ቤቱ የእርዳታ እህል የሚያድል ነው። በ1980 በልጉ ቀረ፤ ክረምቱም ዘግይቶ መጥቶ ቶሎ ሄደ። ከአሰቦት ቆላ እስከ መቻራ ድረስ ማሽላው ጉልበት ሳይደርስ ደረቀ። ስንዴው በባቡር እየመጣ በጭነት መኪና ይከፋፈላል፤ ለማን እንደሚደርስ የሚወስነው ግን የእኛ ወረቀት ነው። የወረቀቱ አለቃ ደግሞ ጓድ ገብሬ ነው። ጓድ ገብሬ ጥርሱን በክብሪት እንጨት እየጎረጎረ የሚያወራ ሰው ነበር፤ የጎረጎረውን አውጥቶ ያየዋል፣ ከዚያ መልሶ ይበላዋል። ፊርማ ልቀበል ፊቱ በቆምኩ ቁጥር ዓይኔን ወረቀቱ ላይ እተክል ነበር።

በ1981 መጀመሪያ ላይ ኮምፒውተር መጣልን። ማሽኑ አማርኛ አይጽፍም፤ ስም ሁሉ የሚገባው በላቲን ፊደል ነው። ጄኔሬተሩን ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ተከሉትና ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ይሠራል፤ የናፍጣው ሽታ ከሻያችን ውስጥ ሳይቀር ይመጣ ነበር። ከማሽኑ ጋር አምባው የሚባል ኤክስፐርት ከአዲስ አበባ መጣ። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ እንደሚባለው፣ በመጣ በማግስቱ ለክፍሉ ምንጣፍ ጠየቀ። ረዲያን ስም እንድታስገባ መደባት። እሷ ከወንበሩ በተነሣች ቁጥር ነጭ መሐረብ ከኪሱ ያወጣና ጣቷ የነካውን ቁልፍ አንድ በአንድ ይጠርጋል። እሷ እያየች ነው የሚጠርገው። ያን መሐረብ እስከ ዛሬ ሳስበው ቅፍፍ ይለኛል።

ፕሮግራሙን የጻፈው አምባው ራሱ ነው፣ ሲ በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ። ሲሞክረው በራሱና በጓደኞቹ ስም ሞከረው፤ ሁሉም አጫጭር ስም ያላቸው የአዲስ አበባ ልጆች ናቸው። በትክክል ሠራለት፣ እኛም አጨበጨብን። አምባው ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ፤ ረዲያም በሦስት ወር ውስጥ የዘጠኝ ሺህ አባወራ ስም፣ ከእሱ ቀጥሎ የሚስቱን ስም፣ ከዚያ ቀበሌውን አስገባች።

የመጀመሪያው እደላ ሲደረግ ከዝርዝሩ ውስጥ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ስም ከገበሬዎቹ መታወቂያ ጋር አልገጥም አለ። አዳዮቹ ላቲን የሚያነቡት ፊደል እየቆጠሩ ነው፤ ያልገጠመላቸውን «የለህም» እያሉ መለሱት። ቁጥሩ ለጓድ ገብሬ ደረሰው። ስሞቹን ከፍቶ ያያቸው የለም፤ የተቆጠሩት ብቻ ናቸው። ጓድ ገብሬ ግን ፊቱ በራ፦ ኮምፒውተሩ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ሐሰተኛ ተረጂ አጋለጠ ተብሎ ወደ በላይ አካል ሪፖርት ተላከ። የምስጋና ደብዳቤ መጣ፤ በመስታወት ተደርጎ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ግልባጩን ፋይል ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ከሐሰተኞቹ አንዱ መጋቢት ላይ አንድ ቀን ራሱ መጣ። አብዱልቃዲር አብዱረህማን ይባላል፤ ከመቻራ ወዲያ ያለ ገበሬ፣ ዕድሜው ስድሳ ያለፈው፣ ሰባት ነፍስ ቤቱ ያለው። በቡና መኪና ላይ ተጭኖ ነው የመጣው። መታወቂያውን ከላስቲክ ውስጥ ፈትቶ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረና እኔ አለሁ ወይስ የለሁም ብሎ ጠየቀኝ። እኔ በሚቀጥለው እደላ ይታያል አልኩት፤ የመዝገብ ቤት ሰው የሚያውቀው መልስ ይኸው ነው። ረዲያ ግን ዝርዝሩን አወጣች። በስሙ ቦታ ላይ በላቲን የተጻፈው ሲነበብ «አብዱልቃዲር አብዱረህማዘይቱና» ይላል።

ዘይቱና ማን እንደሆነች በኦሮምኛ ጠየቀችው። ሰውየው ደነገጠ። ሚስቴ ናት፣ እሷ ደግሞ ምን አደረገች አለ።

ያን ዕለት ረዲያ ስድስት መቶ አሥራ ሁለቱን ስም ሁሉ በእርሳስ እየነካች ፊደላቸውን ቆጠረች። ከሃያ ፊደል ያነሰ አንድም አላገኘችም። አብዱልቃዲር፣ አብዱልአዚዝ፣ አብዱልመጂድ፣ አብዱረህማን፤ የእነዚህ አገር ሰው እንደዚህ ነው ልጁን የሚጠራው፣ አባቱንም እንደዚሁ። አምባው ትቶት የሄደ ሽፋን የሌለው የሲ ቋንቋ ፎቶኮፒ መጽሐፍ ነበር፤ ጄኔሬተሩ በሚሠራበት ሰዓት ሁለት ሳምንት እሱን አነበበች። እንግሊዝኛውን በመዝገበ ቃላት እያገዘች፣ የምትሞክረውን በፍሎፒ ቅጂ ላይ እየሞከረች። ሰው ሲገባ መጽሐፉን ከደብዳቤ ሥር ትደብቀዋለች፤ ማወቅን እንደ ስርቆት የምትደብቅበት መሥሪያ ቤት ነበር ያለን።

ሲገባት ጠራችኝ። ባለ መስመር የሒሳብ ደብተር ላይ ሃያ ትንንሽ ቤት ሥላ ጠበቀችኝ።

«ጋሼ፣ አንድ ስም ሲመጣ ፕሮግራሙ ማሽኑን ማስቀመጫ ቦታ ይለምነዋል» አለችኝ። «አምባው ሃያ ለምን ብሎታል፣ ማሽኑም ሃያ ይሰጠዋል። ከሃያው ውስጥ ግን አንዷ ቦታ ለስሙ አይደለችም፣ ለማለቂያው ናት።»

ማለቂያው ዜሮ ነው፤ ወረቀት ላይ አይታይም። እንደ እኛ አራት ነጥብ ይቁጠሩት አለችኝ። ማሽኑ ስም ሲያነብ ፊደል አይቆጥርም፣ ያን ዜሮ እስኪያገኝ ድረስ ዝም ብሎ ይሄዳል። ካላገኘ አጥር ዘሎ የጎረቤቱን ማንበብ ይቀጥላል። ፕሮግራሙ ሃያ ፊደል ቅዳ ተብሏል፤ ስሙ አጭር ከሆነ የቀረውን በዜሮ ይሞላዋል፣ ስሙ ራሱ ቦታውን ከሞላው ግን ዜሮ አያስገባም። የአብዱልቃዲር ስም ከነአባቱ፣ መካከል ያለው ክፍት ቦታ ተቆጥሮ፣ በላቲን ሃያ አንድ ይመጣል። ሃያው ገባ፣ የመጨረሻዋ «ን» ውጭ ቀረች፣ ለማለቂያው ቦታ ጠፋ። ቀጥላ የተቀመጠችው ዘይቱና ስለሆነች እሷን ጨምሮ አነበበ።

ገባኝ። እኔ እንኳ ገባኝ። መድኃኒቱም ከበሽታው ያነሰ ነበር፦ ሃያ የሚለውን ስድሳ አደረገችው፣ መጨረሻው ላይ ሁልጊዜ ዜሮ እንዲቀመጥ አንድ መስመር ጨመረች። የተቆረጡትን ስሞች ከቅጹ ላይ አራት ቀን ፈጅታ እንደገና አስገባች። አዲሱ ዝርዝር ሲታተም ሁሉም ስም ከነአባቱ ሙሉ ሆኖ፣ ሚስቶቹም በየቦታቸው ሆነው ወጡ። ረዲያ ስትስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ይዛው ወደ ጓድ ገብሬ ገባች፤ እኔም ተከተልኳት። አምባው ለጥገና መጥቶ እዚያው ተቀምጦ ነበር። ጓድ ገብሬ የክብሪት እንጨቱን ከአፉ አውጥቶ መጀመሪያ የጠየቃት ማን እንደፈቀደላት ነው። አምባው ፊቱ ቀላ፤ ሜሞሪ ውድ ነገር ነው፣ የማሽኑ አቅም ስድስት መቶ አርባ ሺህ ፊደል ነው፣ ለዘጠኝ ሺህ ሰው አርባ አርባ ቦታ ሲጨመር ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ ወይ አላት። ረዲያ ድምጿን ሳታነሣ ፕሮግራሙ ሰዎቹን ሁሉ ባንድ ጊዜ መያዝ እንደሌለበት፣ አንዱን አንብቦ አትሞ ቦታውን ለሚቀጥለው እንደሚለቅ ነገረችው። ራሱ የጻፈውን ፕሮግራም ለራሱ አስረዳችው። እሱ ደግሞ ስማቸው ለምን ይህን ያህል ይረዝማል ብሎ ጠየቀ። ከዚያ ቀይ እስክሪብቶ አነሣና አብዱልቃዲር ከሚለው ላይ «አብዱል» የሚለውን ሰረዘው። ቃዲር ይበቃል አለ።

ረዲያ አይሆንም አለች። አብዱል ማለት የእገሌ ባሪያ ማለት ነው፣ ቃዲር ደግሞ ሁሉን ቻይ ማለት፣ እሱ የአላህ ስም ነው ብላ ማስረዳት ስትጀምር ጓድ ገብሬ ሃይማኖቷን ቤቷ እንድታስቀምጥ አዘዛት። የልቡን የተናገረው ከዚያ በኋላ ነው።

«ሐሰተኛ ናቸው ብለን ጽፈናል፤ ተመስግነንበታል» አለ ግድግዳውን እያሳየ። «አሁን እውነተኛ ናቸው ልንል ነው? ስማቸውን ያሳጥሩ፣ እንደ አዲስ ይመዝገቡ።»

ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው፤ ረዲያ ወረቀቷን ይዛ ወጣች። ለየቀበሌው የሚላከውን ሰርኩላር ማርቀቅ የእኔ ሥራ ሆነ። «የስም አጻጻፍን ስለማስተካከል» የሚል ርእስ ሰጠሁት። ከአሥራ ዘጠኝ ፊደል የሚበልጡ ስሞች አላስፈላጊ ቅጥያቸው እንዲቀነስ በአክብሮት እናሳስባለን ብዬ ጻፍኩ። በአክብሮት የሚለውን ማንም አላዘዘኝም፣ ከራሴ የጨመርኩት ነው። ስም መልአክ ያወጣዋል ይላሉ፤ እኛ አገር አምባው በቀይ እስክሪብቶ ያወጣ ጀመር፣ እኔ ደግሞ ጸሐፊው ሆንኩ። ረዲያ ተይባ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችው፤ ቀና ብላ አላየችኝም።

የእደላውን ቀን ከመናገሬ በፊት የተረፈውን ልጨርስ፤ ያን ቀን እያዘገየሁት ያለሁት ስለሚያስጠላኝ ነው። ከስድስት መቶ አሥራ ሁለቱ አራት መቶ የሚሆኑት ስማቸውን አስቆርጠው ወሰዱ። ረሃብ ነው፣ አልፈርድባቸውም። የቀሩት እንቢ አሉ፤ የእነሱ ስንዴ ገለምሶ መጋዘን ውስጥ ክረምቱን ከረመ። መስከረም ላይ ሲከፈት ነቀዙ በበሩ ሥር እንደ ውሃ ይፈስ ነበር፤ ጆንያው ሲነሣ ዱቄትና ክንፍ ነው የሚረግፈው፣ ሽታው ልብሳችን ላይ ሳምንት ቆየ። አምባው በዓመቱ ተመልሶ ሃያውን ስድሳ አደረገው፤ ፕሮግራሙን ስላሻሻለ የምስክር ወረቀት ተሰጠው። ረዲያ ያን ጊዜ መሥሪያ ቤቱን ከለቀቀች ቆይታለች። አሁን በ1983 ገለምሶ ውስጥ ከሁለት እህቶቿ ጋር ልብስ ትሰፋለች። በቀደም በደጇ ሳልፍ ሰላም አልኳት፤ ሰላምታዬን በወጉ መለሰች፣ ተቀመጥ ግን አላለችኝም። ደግ አደረገች።

እደላው በግንቦት 1981 ነበር፣ ገለምሶ፣ መጋዘኑ ግቢ ውስጥ። እኔ ሰብሳቢ ሆኜ ማኅተም ያለበትን፣ ስሞቹ የተቆረጡበትን ዝርዝር ይዣለሁ። ረዲያ አጠገቤ ተቀምጣ ስም ትጠራለች። አንድ ሥልጣን ተሰጥቶኝ ነበር፦ የሚያጠራጥር ነገር ሲመጣ ከስሙ ጎን «ተረጋግጧል» ብዬ ብፈርም ሰውየው እህሉን ይወስዳል። ሌላ ነገር አያስፈልግም፣ የእኔ ፊርማ ይበቃል። ይህን ረዲያም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ።

የዚያ ገበሬ ተራ ሲደርስ ወረቀቱ ላይ ያለው ቃዲር አብዱረህማን ነው። ረዲያ ግን አብዱልቃዲር አብዱረህማን ብላ ሙሉውን ጠራችው። ሰውየው አቤት ብሎ ከጥላው ተነሣ፤ ባዶ ጆንያውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጓል። ከመጋቢት ወዲህ ከስቷል፣ የአንገቱ ቆዳ ተንጠልጥሏል። አውራ ጣቱን ቀለሙ ላይ ጫነ። ወረቀቱ ላይ ሊያሳርፍ ሲል ምን ተብሎ እንደተጻፈ ጠየቀ፤ ፊደሉን እንደማያውቀው ተናገረ። ረዲያ መዋሸት ትችል ነበር። አልዋሸችውም።

ጣቱን ሰበሰበ። አስተግፊሩላህ አለ፣ ለራሱ፤ አላህን ይቅርታ መለመኑ ነው።

«ቃዲር አላህ ነው» አለኝ ከዚያ። «እኔ ባሪያው ነኝ። ለሃምሳ ኪሎ ስንዴ ብዬ አላህ ነኝ ብዬ ልፈርም?»

ረዲያ ከቦርሳዋ ውስጥ ያን ራሷ ያተመችውን ዝርዝር አወጣችና ፊቴ ዘረጋችው። ስሙ ላይ ጣቷን አኖረች።

«ጋሼ፣ ስሙ ይሄ ነው፣ መታወቂያውም ይሄ ነው፣ ሰውየውም ይሄው ቆሟል» አለች። «እርስዎ ከጎኑ ይፈርሙለት።»

እስክሪብቶው በእጄ ነበር። የማስበው ግን ስለ ሰውየው አልነበረም። ወደ ጎጃም ልዛወር ያስገባሁት ማመልከቻ ጓድ ገብሬ ጠረጴዛ ላይ እንዳለ፣ ደጀን ያለችው እናቴ፣ ያ የክብሪት እንጨት ያለበት አፍ «ማን ፈቀደልህ» ሲለኝ ነው የታየኝ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም፤ ረዲያ ይህን አላወቀችም፣ ወይም ያን ቀን ልታምን አልፈለገችም። ማኅተም ባለው ዝርዝር ላይ ይህ ስም የለም አልኩ። ድምፄ ደግሞ ጥሩ የቢሮ ድምፅ ነበር፣ አልተንቀጠቀጠም። እሱ ነው ከሁሉ የሚያቅለሸልሸኝ።

ረዲያ ወረቀቷን አጠፈችው። አብዱልቃዲር አልተቆጣም፣ አልለመነም። ቀለሙን ሽርጡ ላይ ጠረገና ዓይኑን ከእኔ ሳያነሣ ጠየቀኝ።

«መቃን ኬ ኤኙ?»

ይህን ያህል ኦሮምኛ አላጣም፤ ስምህ ማነው ነው ያለኝ። ይልቃል አልኩት። ምን ማለት እንደሆነ ረዲያን ጠየቃት። እሷም አንገቷን እንደደፋች፣ ቀስ ብላ፣ ይበልጣል ማለት ነው ብላ በራሱ ቋንቋ ነገረችው። አዛውንቱ ቆብ ያደረገ ራሱን ነቀነቀ። ከኋላዬ እስከ ጣሪያ የተደረደረውን ጆንያ አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ።

«ከማን?» አለ።

ባዶ ጆንያውን አጣጥፎ ብብቱ ሥር አደረገና በበሩ ወጣ። እኔም ቀጣይ አልኩ።